9 ዓመት አስተምሬ መጣሁ፤ አሜሪካ ውስጥ እንግሊዝኛ ለማስተማር ምን ልማር?

ጥያቄው እንዲህ ይላል። ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም መምህር። ደሴ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ9 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ። ዲግሪዬም በእንግሊዝኛ ነው። ባለፈው ዓመት በዲቪ መጥቼ አሁን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። የምሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ወደ ሙያዬ ተመልሼ ለስደተኞች እንግሊዝኛ ማስተማር እፈልጋለሁ። ኢንተርኔት ላይ የ120 ሰዓት የቴፍል ሰርተፍኬት በቅናሽ ዋጋ አየሁ። ልክፈል? ሴልታ የሚባለውስ ይሻላል? እውነቱን ለመናገር አክሰንቴም ያስፈራኛል። እዚህ አገር ላለ ሰው እኔ እንግሊዝኛ ላስተምር ስል አይስቁብኝም?»

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። የሙያ ባልደረባዬ ስለሆንሽ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። እኔም ሀገር ቤት ጠመኔ ይዤ ቆይቼ ነው እዚህ የመጣሁት። ላለፉት 14 ዓመታት አዋቂ ስደተኞችን እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ። ከጊዜ በኋላ ደግሞ አዳዲስ አስተማሪዎችን ማሠልጠን ጀመርኩ። የምትጠይቂኝን ነገር በራሴ ኖሬዋለሁ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። የ120 ሰዓቱን ሰርተፍኬት አሁን አትግዢ። ሴልታ ጥሩ ሥልጠና ነው፤ አንቺ ላለሽበት ቦታ ግን የመጀመሪያው እርምጃ እሱ አይደለም። አክሰንቱን ለጊዜው ተዪው፣ እመለስበታለሁ። ክፍል ስትገቢ በጣም የሚያስቸግርሽ ሌላ ነገር ነው። ለ9 ዓመት የለመድሽው አስተማመር ነው የሚያስቸግርሽ። እንዳትቀየሚኝ፤ እኔም በዚያው አልፌአለሁ። እንግሊዝኛውን ታውቂዋለሽ። እንግሊዝኛን ማስረዳትም ትችያለሽ። የሚቀርሽ ተማሪውን ማናገር ነው። ይሄ ደግሞ ከቪዲዮ አይገኝም። አንድ የሚያውቅ ሰው ክፍልሽ ጀርባ ቁጭ ብሎ ስታስተምሪ ሲያይሽ ነው የሚገኘው።

ስለ ሰርተፍኬቱ ትንሽ ላስረዳሽ። ቴፍል፣ ማለትም እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ማስተማር፣ የሚለው ስም የማንም የብቻ ንብረት አይደለም። ቪዲዮና የምርጫ ጥያቄ ያዘጋጀ ሁሉ የቴፍል ሰርተፍኬት ማተም ይችላል። ከነዚህ ኮርሶች መካከል ደህና የሆኑ አሉ። ሰዋስው ይከልሱልሻል፣ የማስተማሪያ ዘዴዎችን ስም ያስተዋውቁሻል። ብዙዎቹ ውስጥ ግን ከመጀመሪያው ትምህርት እስከ መጨረሻው አንድም ተማሪ ፊትሽ አይቀመጥም። 120 የሚለውን ቁጥርም እንደ ማኅተም አትዪው። ሴልታ ቢያንስ 120 ሰዓት ነው፤ የለንደኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው ሰርት ቴሶል ደግሞ 130 ሰዓት። ርካሾቹ ኮርሶች ቁጥሩን ይዘውታል። በውስጡ ያለውን ግን አልያዙም።

በውስጡ ያለው ምንድን ነው? ሴልታ ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1962 ለንደን ውስጥ ጆን ሄይክራፍትና ባለቤቱ ብሪታ በኢንተርናሽናል ሃውስ የጀመሩት አጭር ሥልጠና ነው። ዛሬ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የፈተና ድርጅት ሥር ነው። ሙሉ ቀን ከተማርሽው ከ4 እስከ 5 ሳምንት ይፈጃል። 4 የጽሑፍ ሥራዎች አሉት። ልምድ ያላቸውን አስተማሪዎች ለ6 ሰዓት ቁጭ ብለሽ ታያለሽ። ከዚያ ደግሞ አንቺ ራስሽ ለ6 ሰዓት እውነተኛ ተማሪዎችን ታስተምሪያለሽ፤ ቢያንስ በሁለት የተለያየ ደረጃ ያሉትን። የሥልጠናው ልብ እነዚህ 6 ሰዓቶች ናቸው። የቀረው ሁሉ ለነሱ የሚደረግ ዝግጅት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እኔ እዚህ አገር ያስተማርኩበትን የመጀመሪያ ቀን ልንገርሽ። ርዕሴ የአሁን ጊዜና የኃላፊ ጊዜ ልዩነት ነበር። ሀገር ቤት ስንት ጊዜ ያስተማርኩት ነገር ነው። ሰሌዳውን በሦስት ቀለም ሞላሁት። ሕጉን ጻፍኩ፣ ምሳሌ ሰጠሁ፣ «ኢዝ ኢት ክሊር?» አልኩ። ሁሉም «የስ ቲቸር» አሉ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሱፐርቫይዘሬ ግን ወረቀቷን አዞረችልኝ። በ40 ደቂቃ ውስጥ 31 ደቂቃ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። ለ11 ተማሪዎች 9 ደቂቃ ቀረ። ከነሱም ውስጥ አራቱ «የስ ቲቸር» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሱም። የአራቱን ስም ጽፋው ነበር። «እነዚህ ሰዎች ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ነው የመጡት» አለችኝ። ሌላ ወቀሳ አልጨመረችም። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሀገር ቤትም ሱፐርቪዥን ነበረን፤ አውቃለሁ። ዩኒት ሊደሩ ወይም የወረዳ ሱፐርቫይዘሩ ቅጽ ይዞ ይመጣል። የትምህርት ዕቅድሽ ተፈርሟል ወይ? ዓላማው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል ወይ? ተማሪዎቹ በ1 ለ5 ተቀምጠዋል ወይ? ከመቶ ስንት የሚል ውጤት ይሞላና ይሄዳል። ያ ለደረጃ ዕድገት ይጠቅም ነበር። ተማሪው ስንት ደቂቃ ተናገረ ብሎ የቆጠረልኝ ሰው ግን አንድም ጊዜ አላጋጠመኝም። ስድሳና ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ማን ይቆጥራል? ጥፋቱ ያንቺም የኔም አልነበረም። እዚህ ግን 12 ሰው ፊትሽ ይቀመጣል፤ እዚያ የሠራንበት ዘዴ እዚህ ምክንያት የለውም።

አንድ ትንሽ ነገር ልስጥሽ፤ ነገውኑ መለማመድ ትችያለሽ። ጥያቄ ጠይቀሽ ዝም በዪ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ የክፍል ቅጂዎችን ስታዳምጥ አስተማሪዎች ከጠየቁ በኋላ በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አገኘች። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም የሚሉትም መናገር ጀመሩ። ጥናቱ የተደረገው በሳይንስ ክፍል ነበር። ቋንቋ ክፍል ውስጥ ደግሞ ተማሪው መልሱን ማሰብ ብቻ ሳይሆን በሌላ ቋንቋ መገጣጠምም አለበት። 3 ሰከንድ በወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። ክፍል ቆመሽ ስትሞክሪው ግን ዓመት ነው። እኛ ዝምታ እንደ አለማወቅ ስለሚቆጠርብን ቶሎ እንሞላዋለን። አትሙዪው።

ሌላውን ከራስሽ ሕይወት በወሰድኩት ዐረፍተ ነገር ላሳይሽ። «አይ ዩዝድ ቱ ቲች ኢን ደሴ።» ሀገር ቤት ቢሆን «ዩዝድ ቱ» ባለፈ ጊዜ የነበረና አሁን የቀረ ልማድን ያሳያል ብለን ጽፈን፣ «ደሴ አስተምር ነበር» ብለን እንተረጉመዋለን። ተማሪው ይጽፋል፣ ገባኝ ይላል። ግን አስቢው። «አስተምር ነበር» አማርኛ ውስጥ ስንት ቦታ ይገባል! «ስትደውዪልኝ አስተምር ነበር» ትያለሽ። «ደመወዙ ቢሻል ኖሮ እስካሁን አስተምር ነበር» ትያለሽ። በእንግሊዝኛ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። ትርጉሙን የሰጠሽው ተማሪ የትኛውን እንደያዘ አታውቂም። «ገባችሁ?» ብትዪም አይነግርሽም።

ስለዚህ «ገባችሁ?» አይባልም። በምትኩ ትርጉሙን የሚፈትሹ አጫጭር ጥያቄዎች ይጠየቃሉ። አሁን ደሴ አስተምራለሁ? አላስተምርም። ያስተማርኩት አንድ ቀን ነው ወይስ ብዙ ጊዜ? ብዙ ጊዜ። ስልክ ሲደወል በመሃል ተቋርጬ ነው? አይደለም። ጥያቄዎቹን በቀላል እንግሊዝኛ ትጠይቂያለሽ፤ መልሱ ከአንድ ወይም ከሁለት ቃል አይበልጥም። ተማሪው ከተሳሳተ የት እንደተሳሳተ ወዲያው ይታይሻል። ከዚያ ስለ ራሱ እንዲናገር ታደርጊዋለሽ። «አይ ዩዝድ ቱ ድራይቭ ኤ ትራክ።» «አይ ዩዝድ ቱ ሴል ኮፊ።» ስደተኛ ሁሉ «ዩዝድ ቱ» አለው፤ ይሄንን ትምህርት ስሰጥ ክፍሉ ዝም ብሎ አያውቅም።

እነዚህን ጥያቄዎች ማዘጋጀት ቀላል ይመስላል። ቀላል አይደለም። እኔ ለአንድ የሰዋስው ነጥብ አራት ጥያቄ ለመጻፍ አንድ ሙሉ ምሽት የፈጀሁበት ጊዜ አለ። እዚህ ላይ ግን አንቺ ሁለቱን ቋንቋ ስለምታውቂ የአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ የት ላይ እንደሚደናቀፍ ቀድመሽ ታያለሽ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚችለው አስተማሪ «አስተምር ነበር» ሦስት ፊት እንዳለው ከየት ያውቃል?

አሁን ወደ ወረቀቱ ልሂድ። ሴልታ ከእንግሊዝ የመጣ ነው። በየአገሩ ባሉ የግል ቋንቋ ትምህርት ቤቶች ይከበራል። የአሜሪካ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን በር ግን ብቻውን አይከፍትም። ክፍያው ደግሞ ከ2,000 ዶላር ይበልጣል። አንቺ አንድ ቀን ዱባይ ወይም አውሮፓ ሄጄ አስተምራለሁ ካላልሽ በስተቀር፣ ያን ያህል ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት የትኛው በር ላይ እንደቆምሽ ለዪ።

አንደኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ልጆች የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ትምህርት እዚህ አካባቢ ኢሶል ይሉታል። ይህ ሥራ እንዲሁ በበጎ ፈቃድ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላው እና ኒኮልስ በተባለው ክርክር፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እንግሊዝኛ የማይችሉ ወደ 1,800 የሚሆኑ የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ምንም የቋንቋ እገዛ ሳይሰጣቸው መቅረቱ ሕግ የሚጥስ ነው ብሎ ወሰነ። ተመሳሳይ ወንበርና ተመሳሳይ መጽሐፍ መስጠት እኩልነት አይደለም ተባለ። ዛሬ ከሀገር ቤት የመጣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የእንግሊዝኛ ደረጃው የሚለካውና እገዛ የሚያገኘው በዚያ ውሳኔና እሱን ተከትለው በመጡ ሕጎች ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ሁሉም ዊዳ የሚባለውን መለኪያ ይጠቀማሉ፤ ከ1 እስከ 6 ደረጃ አለው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትሄጂ ዊዳን ሳታውቂ አትግቢ። የደረጃዎቹን መግለጫ በነፃ ታገኚዋለሽ።

እዚያ ለማስተማር የግዛቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የታወቀ የመምህራን ሥልጠና ፕሮግራም፣ ከዚያም በብዙ ግዛቶች ፕራክሲስ የሚባለው የመምህራን ፈተና በኢሶል ዘርፍ ይጠየቃል። ደንቡ ከግዛት ግዛት ይለያያል፣ ቶሎ ቶሎም ይቀየራል። ስለዚህ የሜሪላንድን ከግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ አንብቢ፤ ከሠርግና ከለቅሶ ቤት ወሬ አትውሰጂ። የሀገር ቤት ዲግሪሽ እንዲቆጠር በታወቀ ገምጋሚ ድርጅት መገምገም አለበት። ስታመለክቺ ኮርስ በኮርስ የሚለውን ምረጪ፤ አጠር ያለውና ረከስ ያለው ለመምህርነት ፈቃድ አይበቃም። ትራንስክሪፕቱን ብዙውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዲልክ ይፈልጋሉ። የኮስት ሼሪንግ ጉዳይ ካለብሽ መጀመሪያ እሱን ጨርሺ፤ ሬጅስትራር ሄዶ የሚከታተልልሽ ዘመድም ከአሁኑ አዘጋጂ። ይሄ ወራት የሚወስድ ነገር ስለሆነ ሌላው ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ይጀመር።

ፈቃዱ እስኪገኝ ግን ከውጭ ቆመሽ አትጠብቂ። ፓራኤዱኬተር የሚባል የረዳት አስተማሪ ሥራ አለ። ከሌላ አስተማሪ ጋር ክፍል ውስጥ ገብተሽ ልጆችን በትንንሽ ቡድን ትረጃለሽ። ቢያንስ 2 ዓመት ኮሌጅ የተማረ ሰው፣ ወይም ፓራፕሮ የተባለውን ፈተና ያለፈ ሰው ሊገባበት ይችላል። ዲግሪሽ ከተገመገመ መስፈርቱን ታሟያለሽ። ደመወዙ ትልቅ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ግን ነሽ፤ የዚህን አገር የትምህርት ቤት ጠባይ በየቀኑ ታያለሽ። አንዳንድ ወረዳዎች ረዳቶቻቸውን እያስተማሩ አስተማሪ የሚያደርጉበት ፕሮግራም አላቸው። ስትቀጠሪ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቂ።

ሁለተኛው በር የአዋቂዎች ትምህርት ነው፤ ጥያቄሽ ውስጥ «ለስደተኞች» ስላልሽ ልብሽ እዚህ ይመስለኛል። የኔም ልብ እዚሁ ነው። በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚያስተምሩ ማኅበራትና የአዋቂ ትምህርት ቤቶች በአካባቢሽ አሉ። ብዙዎቹ የግዛት ፈቃድ አይጠይቁም፤ ዲግሪ፣ ልምድና የሥልጠና ማስረጃ ያያሉ። እውነቱን ግን ልንገርሽ። አብዛኛው ሥራ የትርፍ ጊዜ ነው፤ ማታና ቅዳሜ። የጤና ኢንሹራንስ የሌለው ብዙ ነው። ስለዚህ የአሁኑን ሥራሽን ለመልቀቅ አትቸኩዪ፤ ሺፍትሽን ግን ከወዲሁ አስተካክዪ። ሙሉ ሰዓት የሚቀጠሩት ጥቂት ዓመት እዚያው የቆዩና ሰው የሚያውቃቸው ናቸው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማስተማር ከፈለግሽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ማስተርስ ይጠየቃል፤ ያ ሌላ መንገድ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

አሁን ወደ አክሰንትሽ። ከጥያቄሽ ውስጥ ይሄኛውን ሳነብ ልቤ ተነካ፤ ምክንያቱም እኔንም ገጥሞኛል። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ የግል ቋንቋ ትምህርት ቤት ደወልኩ። ሴትዮዋ ሁለት ደቂቃ አናገረችኝና «ተማሪዎቻችን የሚፈልጉት የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ነው» ብላ ዘጋችው። ለስምንት ወር ሌላ ቦታ አልደወልኩም። ያ ስምንት ወር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በኋላ የተረዳሁት፣ የ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት ከሥራ ማግለልን ይከለክላል። በአክሰንት ምክንያት አልቀጥርም ማለት የሚቻለው አነጋገሩ ሥራውን በእርግጥ የሚያደናቅፍ ከሆነ ብቻ ነው። ቴሶል የሚባለው የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2006 አፍ መፍቻቸው ያልሆኑ አስተማሪዎችን ማግለልን የሚቃወም አቋም አውጥቷል። የማኅበሩ ዋና መሥሪያ ቤት ካንቺ ብዙ አይርቅም፤ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የዋሽንግተን አካባቢው ቅርንጫፍ ዋቴሶል ይባላል። አባል ሁኚ፤ እዚያ ያገኘኋቸው ሰዎች ናቸው ሁለተኛ ሥራዬን የጠቆሙኝ።

ሕጉ አንድ ነገር ነው፤ ክፍሉ ሌላ። ክፍል ውስጥ የሚያስፈልግሽ እንደ አሜሪካዊ መምሰል አይደለም፤ በግልጽ መሰማት ነው። እኛን የሚያስቸግረንም ሰው እንደሚያስበው የፊደል ድምፅ ብቻ አይደለም። ትልልቆቹ ፖሊስን «ቦሊስ»፣ ቴሌቪዥንን «ቴሌብዥን» ሲሉ እንሰማለን። አንቺ ያንን አልፈሽዋል። የሚቀረው ጫናው ነው። አማርኛ ቃሉን ሁሉ እኩል ይጫነዋል ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛ አንዱን ክፍል ከፍ አድርጎ ሌላውን ይውጠዋል። «ፎቶግራፍ» ሲል ጫናው መጀመሪያው ላይ ነው፤ «ፎቶግራፈር» ሲል ወደ «ቶ» ይሸሻል። ይሄ ሲዛባ አድማጩ ቃሉን ጨርሶ ያጣዋል። በሳምንት አሥር ቃል ያዢ። መዝገበ ቃላት ላይ የጫናውን ምልክት ተመልከቺ፣ በስልክሽ ቅጂ፣ አዳምጪ። በስድስት ወር ልዩነቱን ራስሽ ትሰሚዋለሽ።

ሀንጋሪያዊው የቋንቋ ትምህርት ምሁር ፒተር ሜድየሽ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይሄን ጉዳይ አጥንቶ ቋንቋውን በትምህርት ያገኘው አስተማሪ የራሱ ብልጫ እንዳለው ተከራክሯል። መንገዱን በእግሩ ሄዶበታል፤ ድንጋዩ የት እንዳለ ያውቃል። እኔ ይሄን ያመንኩት አንድ እናት ሲያስተምሩኝ ነው።

ስድሳዎቹን ያለፉ የጎንደር እናት ነበሩ። መሠረተ ትምህርት ክፍል ተመድበው አገኘኋቸው፤ መጻፍና ማንበብ ከማይችሉት ጋር። ኤቢሲዲ ስላላወቁ ማንበብ አይችሉም ተብለው ነበር። አንድ ቀን በደብተራቸው ጠርዝ ላይ በደቂቅ ጽሕፈት የሆነ ነገር አየሁ። «ብሬድ»፣ «ሚልክ»፣ «በስ እስቶፕ» እያሉ በአማርኛ ፊደል ጽፈውታል። በየማለዳው ዳዊት የሚደግሙ ሴት ናቸው! ከሁላችንም በላይ አንባቢ ናቸው። ማንም አልጠየቃቸውም እንጂ።

ቁጭ ብለን ከሳድሱ ጀመርን። የእንግሊዝኛ ቢ «ቢ» አይደለም አልኳቸው፤ «ብ» ነው። ዲ «ድ» ነው። መሃል ላይ ያለችው ኢ ደግሞ «ኤ» ናት። ብ፣ ኤ፣ ድ። ቀስ ብለው አገጣጠሙት። ቤድ። አልጋ። ቀና ብለው አዩኝ። «ለካ ቤን ለሁለት ሰንጥቀዋት ነው!» አሉ። በትክክል። የኛ ፊደል ድምፁንና አናባቢውን በአንድ አካል ይዞታል፤ እነሱ ይነጥሉታል። ይቺን አንድ ነገር ለመረዳት ሌላ ሰው ወራት ይፈጅበታል። እሳቸው ከሰዓት በኋላ ሦስት የአውቶቡስ ምልክት አንብበው ሄዱ። «በስ እስቶፕ» ያሉት ነገርም ቀላል መላ አለው። ቃሉ «ስ» እና «ት» ተያይዘው የሚጀምሩት ሲሆን እኛ ከፊታቸው «እ» እንጨምራለን። «ስስስስ» ብለው እንደ እባብ እንዲያስረዝሙ፣ ከዚያ ሳያቋርጡ «ቶፕ» እንዲሉ አድርጊ። «እ»ዋ መግቢያ ታጣለች።

ከኤልሳልቫዶር የመጣ ተማሪ ፊትሽ ሲቀመጥ ፊደል አይረዳሽም፤ ልክ ነው። ግን አንዴ የተማሪን ስሕተት ከየት እንደመጣ መፈለግ ከለመድሽ፣ እስፓኒሽ ተናጋሪውም «እስቶፕ» እንደሚል ስትሰሚ ለምን ብለሽ ትጠይቂያለሽ። እሱ ልማድ ነው አስተማሪ የሚያደርገው።

በዚህ ወር እንዲህ አድርጊ። ትራንስክሪፕትሽን አስጀምሪ። ከዚያ ቅዳሜ ወይም ማታ የምትችይበትን ሰዓት ይዘሽ በጎ ፈቃደኛ አስተማሪ ሁኚ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሊትረሲ ካውንስል አዋቂዎችን የሚያስተምሩ በጎ ፈቃደኞችን ያሠለጥናል፤ ዲሲ ውስጥ ያለው ዋሽንግተን ኢንግሊሽ ሴንተርም የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ነው። ስትገቢ አንድ ነገር ጠይቂ፤ «ሳስተምር የሚያየኝና የሚነግረኝ ሰው አለ?» በዪ። ከሌለ ልምድ ያላትን አስተማሪ ራስሽ ለምኚ፤ በምትኩ አንቺ ለሷ የሚሆን ነገር አዘጋጂላት። እንደዚህ ስድስት ወር ከሠራሽ በኋላ ሰርተፍኬት ያስፈልገኛል ካልሽ፣ እውነተኛ ተማሪ ፊትሽ የሚያስቀምጥሽን ምረጪና ያኔ ክፈዪ።

ሬዙሜሽ ላይ «እንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ደሴ፣ 9 ዓመት» ብለሽ አትተዪው። በየክፍሉ ስንት ተማሪ እንደነበረ፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንዳስተማርሽ፣ ስንተኛ ክፍሎችን እንደያዝሽ ጻፊ። ስድሳ ልጅ በአንድ ክፍል ይዞ በሥነ ሥርዓት ያስተማረ ሰው እዚህ በቀላሉ አይገኝም፤ ቀጣሪው ግን ካልጻፍሽለት አያውቀውም።

የመጀመሪያ ትምህርትሽን ተማሪዎቹን አስፈቅደሽ በስልክሽ ቅጂ። ማታ ቤት ገብተሽ አዳምጪው። ሌላውን ሁሉ ትተሽ አንቺ የተናገርሽበትን ደቂቃ ብቻ ቁጠሪ። ቁጥሩን ጻፊልኝ፤ ከዚያ ስለ ሁለተኛው ትምህርትሽ እናወራለን።